ውፍረት ይከፋል ወይስ ቅጥነት?

ዩኒሴፍ በመስከረም 2025 አንድ ያልተለመደ ዜና አሰማ (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ የዓለም ልጆች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት 9.4 በመቶ ደርሰዋል፤ ከሚገባው በታች የቀጠኑት ደግሞ 9.2 በመቶ ሆነዋል። በ2000 ቀጫጮቹ 13 በመቶ ያህል፣ ወፍራሞቹ 3 በመቶ ነበሩ። የወፈሩት ከቀጠኑት ሲበልጡ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ግን ገና ይህን መስመር አልተሻገሩም።

ይህን ዜና እኛ የምንሰማው በሁለት ጆሮ ነው። "ምነው ከሳህ፣ አሞህ ነበር እንዴ?" እየተባባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ቦርጭም ለብዙ ዘመን የድሎት ምስክር ሆኖ ኖሯል። አሁን ደግሞ በየከተማው ጂሙ ተከፍቷል፤ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የማይወራበት ለቅሶ ቤት የለም። ታዲያ መፍራት ያለብን የትኛውን ነው? ሁለቱም ይገድላሉ፤ ነገር ግን የሚገድሉበት መንገድም፣ ፍጥነቱም፣ የሚመርጡት ሰውም ይለያያል። ከዚያም በላይ፣ ብዙዎቻችን እንደምናስበው ተቃራኒ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን የሚወልድበት ጊዜ አለ።

ወፍራም ወይም ቀጭን የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ሐኪም ቤት ሄደው ክብደትዎና ቁመትዎ ሲለካ ባለሙያው አንድ ስሌት ይሠራል። ክብደትዎን በኪሎ ግራም ይወስድና በሜትር ለተለካው ቁመትዎ፣ እንደገናም ለዚያው ቁመት ያካፍለዋል። የሚገኘው ቁጥር የክብደትና የቁመት ምጣኔ ወይም ቢኤምአይ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአዋቂዎች ላይ ያስቀመጠው ወሰን ይህ ነው፦ ከ18.5 በታች ከሆነ ቅጥነት፣ ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 30 የክብደት መብዛት፣ ከ30 በላይ ውፍረት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በዚህ ስሌት ጤናማ የሚባለው ከ54 እስከ 72 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ሲሆን ነው፤ 87 ኪሎ ከደረሰ ወፍራም ይባላል።

ቀመሩን በ1830ዎቹ ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጅየማዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። ኬትሌ ሐኪም አልነበረም። አማካዩ ሰው ምን እንደሚመስል በቁጥር ለመግለጽ ይጥር ነበር እንጂ ማን እንደሚታመም ለመተንበይ አላሰበም። ቀመሩን ዛሬ በሚጠራበት ስም አስተዋውቆ የሕክምናው ዓለም እንዲይዘው ያደረገው አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስ ሲሆን ይህም በ1972 ነው።

ቀላል መሆኑ ጥቅሙ ነው፤ ሚዛንና ሜትር ካለ በየትኛውም ጤና ኬላ ይሠራል። ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል። ቁጥሩ ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ የት እንደተቀመጠም አይነግርም። በጥር 2025 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ የበርካታ አገሮች ባለሙያዎች፣ ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ "የውፍረት ሕመምተኛ" ሊባል አይገባም ያሉትም ለዚህ ነው። የወገብ ልክ ይታከልበት፣ ውፍረቱ በአካል ክፍሎች ላይ ጉዳት ማድረሱና አለማድረሱም ይለይ ብለዋል።

ስብ ለምን ይጎዳል?

ስብን እንደ ጎተራ ብናየው ነገሩ ይቀላል። ገበሬ የመኸሩን እህል ጎተራ የሚከተው ለክረምቱ ነው። ሰውነትም ከዕለት ፍጆታው የተረፈውን ጉልበት ከቆዳ ሥር ያኖራል፤ በዳሌና በጭን የሚቀመጠው ስብ እምብዛም ጣጣ የለውም። ጣጣው የሚመጣው ጎተራው ሞልቶ እህሉ መግባቱን ሲቀጥል ነው። ትርፉ ለእህል ባልተሠራ ቦታ ይከመራል፤ በጉበት፣ በቆሽት፣ በልብ ዙሪያ፣ በአንጀት መካከል። ቦርጭ የዚህ ክምችት የውጭ ምልክት ነው።

እዚያ የገባው ስብ አርፎ አይቀመጥም። ከምግብ ያገኘነው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያዝዘው ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ነው። ጉበትና ጡንቻ በስብ ሲጨናነቁ ትእዛዙን በደንብ አይቀበሉም። ቆሽት ጉድለቱን ለመሙላት ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ከዓመታት በኋላ ይደክመዋል፤ ስኳሩም በደም ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የምንለው ይህ ነው። ከዚሁ ጋር የደም ግፊት ይጨምራል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብና አንጎል ለድንገተኛ አደጋ ይጋለጣሉ። የካንሰር ጉዳይም አለ፦ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከውፍረት ጋር የተያያዙ 13 የካንሰር ዓይነቶችን ዘርዝሯል፤ የአንጀት፣ የማኅፀን፣ የጉበት፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣው የጡት ካንሰር ከእነዚህ ይገኙበታል።

ክብደቱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ። አንድ ኪሎ ሲጨምር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ይጠጋል። አንገት ላይ የተከማቸ ስብ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋል፤ በኃይል እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ሲል ቤተሰቡን የሚያስደነግጥ ሰው በየቤቱ አለ፤ ይህም የልብን ሥራ ያከብዳል።

የውፍረት ክፉ ጠባዩ ዝምታው ነው። ከመነሻው እስከ ጉዳቱ አሥርና ሃያ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ በመካከሉ ብዙ ጊዜ የሚያም ነገር የለም። ሰውዬው "እኔ ምንም አላመመኝም" ሲል እውነቱን ነው።

መክሳትስ ምን ያደርጋል?

ጎተራው ባዶ የሆነበት ቤት መጀመሪያ ወጪ ይቀንሳል። ይህ በሰው ላይ በጥንቃቄ የታየው በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያው አንሰል ኪስ፣ ጦር ሜዳ መሄድን በሕሊናቸው የተቃወሙ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃደኝነት ተቀብሎ ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ሆድ አኖራቸው። ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የልብ ምታቸው ቀነሰ፣ በበጋም ይበርዳቸው ጀመር፣ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ሆነ ሥራቸው። ዛሬ የማንም ተቋም ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚፈቅደው አይመስለኝም።

ወጪ መቀነሱ ከሚነካቸው ነገሮች አንዱ የሰውነት መከላከያ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ምጣኔው በአንድ ነጥብ በቀነሰ ቁጥር በበሽታው የመያዝ ዕድል በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነቀርሳው ራሱም ያከሳልና ሁለቱ እየተጋገዙ ሰውን ይጥላሉ። እናቶቻችን ድንገተኛ መክሳትን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሌላው የሚቀነሰው ወጪ የመውለድ አቅም ነው፤ በጣም የከሳች ሴት የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል፤ ብትወልድም ሕፃኑ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። አጥንት ይሳሳል፣ ደም ያንሳል፣ ቁስል ቶሎ አይሽርም። በአረጋውያን ላይ ሲሆን ደግሞ አንድ መውደቅ የዳሌ ስብራት፣ የዳሌ ስብራቱ ዳግም አለመነሳት ይሆናል።

ሕፃናት ላይ ሲደርስ የጊዜው ስሌት ራሱ ይለወጣል። ውፍረት በአሥርተ ዓመታት የሚሠራውን በሕፃን ላይ መክሳት በሳምንታት ይሠራዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ከሚደርሰው ሞት ግማሽ ያህሉ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ የሚሞቱት በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ነው፤ በደንብ የተመገበ ልጅ የሚወጣውን ሕመም ያልተመገበው አይወጣውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በልጆች ክንድ ላይ የሚጠመጥሙት ባለቀለም መለኪያ ለዚህ ነው፦ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጉዳዩ ለነገ አይባልም።

በቁጥር ሲታይ የቱ ይብሳል?

በ2016 ዘ ላንሴት ላይ የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ ከ239 ጥናቶች 10.6 ሚሊዮን ሰዎችን አሰባሰበ። በንጽጽሩም አጫሾችን፣ ሥር የሰደደ በሽታ የነበረባቸውንና ክትትሉ በተጀመረ በአምስት ዓመት ውስጥ የሞቱትን አስወጣ። መነሻው ምጣኔያቸው ከ22.5 እስከ 25 የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከ18.5 በታች የሆኑት የመሞት ዕድላቸው በ51 በመቶ ይበልጣል። ከ30 እስከ 35 ያሉት በ45 በመቶ። ሁለቱ እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ በላይ ግን ውፍረቱ ይቀድማል፤ ከ35 እስከ 40 ሲሆን ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ከ40 በላይ ሲሆን ከሁለት እጥፍ ተኩል ያልፋል። ከ25 እስከ 27.5 ላለው መለስተኛ ትርፍ ግን ጭማሪው 7 በመቶ ብቻ ነው።

"51 በመቶ" ሲባል ግማሹ ሰው ይሞታል ማለት አይደለም። በአንድ ጊዜ ውስጥ ጤናማ ክብደት ካላቸው ሺህ ሰዎች 10 ቢሞቱ፣ ከቀጠኑት ሺህ ሰዎች 15 ይሞታሉ ማለት ነው።

በ2018 በብሪታኒያ 3.6 ሚሊዮን ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ነገሩን በዕድሜ አስቀመጠው። አርባ ዓመት ከሞላው በኋላ ያለውን ቀሪ ዕድሜ ሲያሰሉ፣ ወፍራም ወንድ 4.2 ዓመት፣ ወፍራም ሴት 3.5 ዓመት ያጥረዋል። ቀጭን ወንድ 4.3፣ ቀጭን ሴት 4.5 ዓመት።

ታዲያ "ትንሽ መወፈር ይጠቅማል" የሚሉት ከየት አመጡት?

ከእውነተኛ ጥናት ነው ያመጡት። በ2013 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ንጽጽር፣ ከ25 እስከ 30 ያሉት ሰዎች ጤናማ ከሚባሉት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ6 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ዜናው ብዙ ሰው አስደሰተ፤ ተመራማሪዎችን ደግሞ አጣላ።

የጠቡ ሥር ማን ማንን ያመጣል የሚለው ነው። ካንሰር፣ ነቀርሳ፣ የሳንባና የጉበት ሕመም ሰውን ከመግደላቸው በፊት ያከሳሉ። ሲጋራም የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ አጫሽ ይቀጥናል፣ ቀድሞም ይሞታል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ከቀጫጮቹ ጎራ ሲቆጠሩ ቅጥነት ገዳይ፣ ትንሽ ውፍረት ደግሞ ጠባቂ መስሎ ይታያል። አጫሾችና ሕመምተኞች ሲወጡ ግን ያ ጥቅም የሚባለው ነገር ይጠፋል፤ የ2016ቱ ጥናት የደረሰበት ይህን ነው። የቅጥነቱ ጉዳት ግን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች መለስተኛ ትርፍ ክብደት ከወጣቶቹ ያነሰ ጉዳት እንዳለው ደግሞ በብዙ ጥናቶች ታይቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ የቀጠነ ሰው ብዙ ጊዜ ታሞ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀጠነ ሰው ምግብ አጥሮት፣ ጉልበቱን በእርሻ ጨርሶ፣ ወይም ተፈጥሮው ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ የዚያ አገር ቁጥር ሦስቱንም አንድ አድርጎ አይገልጽም።

የምጣኔው ሰንጠረዥ የእኛን ሰውነት በትክክል ይለካል?

እምብዛም። በ1998 የታተመ አንድ ጥናት የተለያዩ አገሮች ሰዎችን የስብ መጠንና ምጣኔ አነጻጽሮ ነበር። እኩል ስብ ያላቸው ሰዎች ሲወዳደሩ የኢትዮጵያውያኑ ምጣኔ ከነጮቹ በ4.6 ነጥብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌላ አነጋገር፣ 30 ላይ ያለ አውሮፓዊ የሚሸከመውን ያህል ስብ ኢትዮጵያዊው 25 ገደማ ላይ ሊሸከም ይችላል። አንድ ጥናት ሕግ አይሆንም፤ ነገር ግን በ2018 በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣው ሥራም ወደዚያው ያመለክታል፦ ለኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ውፍረትን ለመለየት የሚሻለው ወሰን ለወንድ 22.2፣ ለሴት 24.5 ነው ብሏል።

ከምክንያቶቹ አንዱ የሰውነት ቅርጽ ነው። እግር ከቁመቱ አንጻር ቀላል፣ ደረትና ሆድ ከባድ ናቸው፤ ረጃጅም እግርና ቀጭን አጥንት ያለው ሰው ምጣኔው ዝቅ ይላል። ስሕተቱም በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ረጃጅም እግር ያለው የሶማሌ ወይም የአፋር አርብቶ አደር 18 ላይ ሆኖ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ሲችል ሰንጠረዡ "የምግብ እጥረት አለበት" ይለዋል። እጁና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ከቀበቶው በላይ የወጣ የከተማ ሠራተኛ ደግሞ 24 ላይ ሆኖ "ጤናማ" ተብሎ ይሸኛል፤ ስኳሩ ግን መንገድ ጀምሯል።

ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ይህን በሕይወታቸው አይተውታል። በ1980ዎቹና በ1991 ሲገቡ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ። በዓመታት ውስጥ የስኳር ሕመም በመካከላቸው በፍጥነት ጨመረ፤ በዚያው አገር የተደረጉ ጥናቶችም ሕመሙ ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ክብደት እንደሚይዛቸው አሳይተዋል።

በልጅነት የተራበ ሰው በጉልምስናው ለምን በስኳር ይያዛል?

በ1944 እና በ1945 ክረምት በናዚ በተያዘችው ኔዘርላንድ ከባድ ረሃብ ነበር። በዚያ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ልጆች አድገው ሲመረመሩ በደማቸው ያለውን ስኳር የማስተካከል አቅማቸው የቀነሰ፣ ከመካከላቸውም ለውፍረትና ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በእኛም አገር በራያ ቆቦ በተደረገ ጥናት፣ በ1977ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ረሃብ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ሰዎች በጉልምስናቸው የቦርጭ፣ የደም ግፊትና የስኳር መጨመር በአንድነት የሚታይባቸው ከሌሎቹ በላቀ መጠን ነው።

በማኅፀን የተራበ ልጅ ጎተራውም ትንሽ፣ ቆሽቱም አቅመ ደካማ ሆኖ ይወለዳል። ኑሮው እንደ ድሮው ቢቀጥል ችግሩ ላይታይ ይችላል። ነገር ግን አድጎ ከተማ ሲገባ፣ ጤፉ በነጭ ዳቦ፣ ውኃው በለስላሳ፣ የእግር መንገዱ በታክሲ ሲተካ ትንሹ ጎተራ ቶሎ ይሞላል።

የቀጭን ሰው ስኳር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በጎንደር ገጠር የሚሠሩ ሐኪሞች ድሃና ከሲታ የሆኑ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞችን ለዓመታት ሲያዩ ቆይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በሚያዝያ 2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ሕመም አምስተኛው ዓይነት ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ያለውን ሰው "ስኳር የወፍራም በሽታ ነው" ብሎ ወደ ቤቱ መመለስ ሊገድለው ይችላል።

በኢትዮጵያ የሚያመዝነው የትኛው ነው?

ቅጥነቱ፣ ግን እየቀነሰ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች በ2000 የቀጠኑት 30 በመቶ ሲሆኑ በ2016 ወደ 22 በመቶ ወርደዋል፤ ክብደታቸው የበዛው ደግሞ ከ3 ወደ 8 በመቶ ወጥተዋል። በአዲስ አበባ ሚዛኑ ተገልብጧል፤ ከቀጠኑት ሴቶች የወፈሩት ይበዛሉ። አንድ ቤት ውስጥ የወፈረች እናትና የቀነጨረ ልጅ አብረው የሚገኙትም ለዚህ ነው፤ ሆድ የሚሞላ ምግብ ገብቷል፣ እንቁላሉ፣ ወተቱና አትክልቱ ግን አልገባም።

ታዲያ እኔ ምን ልለካ?

ሜትር ባይኖርዎት ክር ይበቃል። ክሩን በቁመትዎ ልክ ይቁረጡ፣ ለሁለት ይጠፉት፣ ወገብዎን በእምብርትዎ ትይዩ ይክበቡበት። የታጠፈው ክር ካልገጠመ፣ ሚዛኑ ምንም ይበል ምን፣ ስኳርዎንና ግፊትዎን ይመርመሩ። ለወፈረ ሰው ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ ግፊቱንና ስኳሩን በግልጽ ያሻሽላል፤ 90 ኪሎ የሆነ ሰው ስድስት ኪሎ ቀነሰ ማለት ትልቅ ነገር ሠራ ማለት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን የሆነ፣ ጉልበቱ ያልጎደለ፣ ክብደቱ ያልተለዋወጠ ሰው ደግሞ ዘመድ "ከሳህ" ስላለው ብቻ መጨነቅ የለበትም።

ሳያስበው የሚከሳ ሰው ጉዳይ ግን ይለያል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ሳይፈልግ ካጣ፣ 60 ኪሎ የነበረው ሰው ሦስት ኪሎ ማለት ነው፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ የነቀርሳ፣ ብዙ ውኃ መጠጣትና ቶሎ ቶሎ መሽናት ካለ የስኳር ምርመራ ይቀድማል።

እጅግ የከሳን ሰው በአንድ ጊዜ ማጥገብም አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደም ውስጥ ያሉ እንደ ፎስፌትና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት በፍጥነት ይወርዳሉ፤ ልብም ሊቆም ይችላል። በጤና ተቋማት በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድተው የሚተኙ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበቱ የተመጠነ ልዩ ወተት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው፤ ጠንከር ያለው አልሚ ምግብ የሚከተለው የምግብ ፍላጎታቸው ሲመለስ ነው።